«ስልኩን ብቀማቸው እናታቸውን የት ያዩዋታል?»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። ጸሐፊዋ ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ አስቀርቼዋለሁ። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ እንጂ አነጋገራቸውን አልነካሁትም።

«ሰላም ላንቺ ይሁን ልጄ። የ58 ዓመት ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሁለት የልጅ ልጆች አሳድጋለሁ፤ ወንዱ 9 ዓመቱ፣ ሴቷ 5 ዓመቷ። እናታቸው ጅዳ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት። ስልኩን የላከችው እሷ ናት፣ ‹ልጆቼ ፊቴን እንዳይረሱት› ብላ። ማታ ማታ በኢሞ ትደውላለች። ትንሿ ስክሪኑን ስማ ነው የምትተኛው።

ግቢያችን የተከራየው መምህር ዋይፋይ አስገባና ‹እማማ፣ ልጆቹም ይጠቀሙ› ብሎ የይለፍ ቃሉን ሰጠን። ቸር ሰው ነው፣ አላማውም። ከዚያ ወዲህ ግን ልጆቹ ከስልኩ አልላቀቅ አሉኝ።

ባለፈው ጁምዓ ቡና ስቆላ ትንሿ እሪ ብላ መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ተወሸቀች። ካርቱን ስታይ ነበር። ስልኩን ባነሳው አንዱ አሻንጉሊት ቢላ ይዞ ሌላውን ያሳድዳል። እስከዛሬ ብቻዋን ሽንት ቤት አትሄድም።

ይህ ሳያንሰኝ ወንዱ ፍሪ ፋየር በሚሉት ጨዋታ ውስጥ አንድ ‹ጓደኛ› ይዞ ኖሯል። ሰውየው ‹አልማዝ እሰጥሃለሁ፣ ስልኩ ላይ የመጣውን ቁጥር ንገረኝ› አለው፤ ነገረው። ‹ፎቶህን ላክልኝ› አለው፤ በዩኒፎርሙ የተነሳውን ላከለት። በማግስቱ ጅዳ ያለችው ልጄ በቴሌግራም ‹ታምሜያለሁ፣ ቶሎ ብር ላኪ› የሚል መልእክት በእኔ ስም ደረሳት። ደግነቱ ደውላ ድምፄን ሰማች። ከዚያ ግን ልጁን እንዲህ ያለ ቁጣ ተቆጣችው፣ እኔንም ‹ስልኩን በድንጋይ ቀጥቅጪው› አለችኝ። ልጁ ይኸው ሦስት ቀኑ፣ ትንፍሽ አይልም።

ጎረቤት ደግሞ ‹ድሮስ ስልክ ለማታውቅ አሮጊት› ይላል። ስልኩን ብቀማቸው እናታቸውን የት ያዩዋታል? ብተወውም የማላውቀው ሰው ቤቴ ገብቶ ያናግራቸዋል፣ እኔ ቡናዬን እቆላለሁ። ምን ላድርግ?»

እናቴ፣

እዚህ ዓምድ ላይ «እርስዎ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ሰኞ ገበያ ባገኝዎት ግን እንዳገራችን «አንቱ» ብዬ ጉልበትዎን ስሜ ነበር።

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ የስልክ ጉዳይ መሰለኝ። በሁለተኛው ንባብ ግን ዓይኔ አንድ ነገር ላይ ቀረ፤ ትንሿ ስትደነግጥ የት ሮጠች? ቀሚስዎ ውስጥ። ወንዱስ? ሦስት ቀን ዝም። ትንሿ የሮጠችበትን መንገድ ወንዱም እንዲያገኘው ማድረግ ነው የእርስዎ ሥራ። የቀረው፣ መጫንና ማጥፋቱ፣ የጎረቤትዎ ልጅ በአንድ ከሰዓት የምትጨርሰው ነው።

ጎረቤት ላለው ነገር ግን መጀመሪያ እኔ ልመልስ። እኔ ስልክ አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ የምውል ሰው ነኝ። እንዲህ ሆኜ ልጄ ትምህርት የጀመረ ቀን አዲስ ዩኒፎርሙን አልብሼ፣ በራችን ላይ አቁሜ፣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። የትምህርት ቤቱ አርማ ደረቱ ላይ፣ የቤት ቁጥራችን ከጭንቅላቱ በላይ። ስሙንና ክፍሉን ደግሞ እኔው ጻፍኩበት፣ ተኩራርቼ። የማላውቀው ሰው ከሥሩ «ሰፈራችሁን አወቅኩት» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ ምን እንዳደረግኩ አልታየኝም ነበር። ስለዚህ ነገሩ የእርጅናም የመሃይምነትም አይደለም፤ ለጎረቤቱ እንዲህ ይበሉልኝ።

አሁን አስቸኳዩን እናስቀድም። «አልማዝ» የሚሉት እዚያ ጨዋታ ውስጥ ልብሱና ጌጡ የሚገዛበት ገንዘብ ነው፤ ለ9 ዓመት ልጅ ከወርቅ አያንስም። ስልክዎ ላይ የመጣው ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው በእርስዎ ስልክ ቁጥር ቴሌግራም ሊከፍት ሲሞክር ቴሌግራም ለባለቤቷ የሚልከው ኮድ ነው። ሰውየው ሰብሮ አልገባም፤ ቁልፉን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ነው የገባው። ምናልባት አሁንም እዚያው ውስጥ ተቀምጦ የልጅዎንና የዘመድዎን ስም እያነበበ ይሆናል።

ጎረቤትዎ ልጅ ይህን አንብባልዎ ሳትነሳ ቴሌግራሙን ትክፈት። «ሴቲንግ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚል አለ፤ በእርስዎ ስም የተከፈተባቸው ስልኮች በሙሉ እዚያ ይደረደራሉ። እጅዎ ላይ ካለው በስተቀር ሌላውን ሁሉ የሚያስወጣውን ትጫን። ሰውየው ቀድሞ እርስዎን አስወጥቶ ከሆነ በሲም ካርድዎ እንደ አዲስ ይገባሉ፤ አዲስ የገባ ስልክ ግን ነባሩን ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ በማግስቱ ይድገሙት። ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን ታብራልዎ። ኮዱ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ ያለ እሱ የማይከፈት ተጨማሪ የይለፍ ቃል ነው። ቃሉን ወረቀት ላይ አስጽፈው የቤት ካርታዎ ያለበት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት። እዚያው ስልክ ላይ ቴሌብር ካለም የሚስጥር ቁጥሩ ዛሬውኑ ይቀየር፤ ልጁ የማያውቀው ይሁን።

ልጅዎ ብር ከመላኳ በፊት ደውላ ድምፅዎን መስማቷ ብልህነት ነው፣ ይህን ይንገሯት። ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት አንድ ቃልም ያዙ፤ ድሮ የነበራችሁ ላም ስምም ቢሆን ይበቃል። ወደፊት በማንም ስም «ብር ላኪ» ሲባል ቃሉ ይጠየቃል።

ወደ ልጁ ልምጣ፣ ሆዴ ያለው እሱ ጋ ነው።

እሱ አሁን የሚያስበው «እናቴን አስዘረፍኳት፣ አያቴን አሳፈርኳት» ብሎ ነው። የተታለለ አይመስለውም፤ ያጠፋ ነው የሚመስለው። እዚህ ኮምቦልቻ በዲግሪ የተመረቁ፣ ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ሰዎች «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ኮዱን ይንገሩን» ተብለው ሲሰጡ በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያ ሰውዬ ሥራው ይህ ነው፤ ልጅ ሲያታልል ነው የሚውለው። 9 ዓመት የሞላው ልጅ በዚህ ቢሸነፍ ምኑ ይገርማል?

ስለዚህ ዛሬ ወይ ነገ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ እህቱ ስትተኛ፣ አጠገብዎ ያስቀምጡት። ዓይን ለዓይን ተያይቶ ማውራት ይከብደዋል፤ እጃችሁ ሥራ ይያዝ። ሽንብራ ልቀሙ፣ ወይ የሚቆላውን ቡና አብራችሁ ልቀሙ። እና እርስዎ ይጀምሩ። «ልጄ፣ ያ ሰው ትልቅ ሰው ነው፣ ሌባ ነው። አንተን ያታለለህ ጎበዝ ሌባ ስለሆነ ነው። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው፣ አንተ አይደለህም።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ይረዝማል፣ ይታገሡት። አንድ እፍኝ ቡና ተለቅሞ እስኪያልቅ ካልተናገረ ሌላ እፍኝ ይጨምሩ። ሲናገር ደግሞ መሃል ገብተው «ታዲያ ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም!» እንዳይሉት፤ አፉ እንደተከፈተ ይዘጋል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይጠይቁት፣ ቀስ ብለው። ሰውየው ሌላ ምን አለህ? ሌላ ፎቶ ጠየቀህ? ልብስህን አውልቅ አለህ? «ለማንም እንዳትናገር» አለህ? ልጁ «አዎ» ካለ አይጩኹ፣ ፊትዎም አይለወጥ፤ የሚያየው ፊትዎን ነውና። ያ ከሆነ ነገሩ የገንዘብ ሌብነት መሆኑ ቀርቶ ሌላ ወንጀል ሆኗል። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 እንዲህ ያለውን፣ በስልክም በኢንተርኔትም ልጅን ለጸያፍ ነገር ማባበልን፣ ራሱን አስችሎ ያስቀጣል። ንግግሩን አያጥፉት። ጎረቤትዎ ልጅ የሰውየውን ስምና የተጻጻፉትን በሙሉ ስክሪን ሾት ታንሳ፤ ከዚያ ስልኩን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለው ክፍል ዘንድ ይሂዱ። የልጅ ራቁት ፎቶ ካለ ለማንም «እዩልኝ» ብለው አይላኩ፣ ለዘመድም ቢሆን፤ መላኩ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። «አይ፣ ያ ፎቶ ብቻ ነው» ካለ ደግሞ እግዜር ይመስገን ብለው ስለ ሌብነቱ ብቻ ማመልከት ይችላሉ።

የዩኒፎርሙ ፎቶ ያስጨነቀዎት ይመስለኛል። አንድ ፎቶ ብቻውን ደሴ ድረስ ሰው አያመጣም። ግን ትምህርት ቤቱን ያሳያልና አንድ ቀን ጠዋት ሄደው ለክፍል አስተማሪውና ለዘበኛው «ከእኔና ከእገሊት በስተቀር ማንም ‹እናቱ ልካኝ ነው› ብሎ ቢመጣ እንዳትሰጡት» ይበሉ። እናቱ ውጭ አገር ላለች ልጅ ይህ ድሮም መባል ነበረበት። ፍሪ ፋየርን ግን ያጥፉት። ጨዋታው በራሱ ምደባም ቢሆን ለ9 ዓመት ልጅ አልተሠራም፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ የሚያወራበትም ነው። ቢቻል ራሱ ልጁ በጣቱ ያጥፋው። ያኮርፋል፤ ያኩርፍ።

ጨዋታ ጭራሽ ይቅር አላልኩም። ብቻውን የሚጫወተው የመኪና ወይ የኳስ ጨዋታ ይጫንለት። ከዚያ ስልኩ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲጎትቱ የአውሮፕላን ምስል ያለባት ምልክት አለች። ስልኩን ከመስጠትዎ በፊት እሷን ይጫኑ። ያኔ ዋይፋዩም ዳታውም ይጠፋል፣ ማንም ሰው መግባት አይችልም፣ ማስታወቂያም አይወርድም፤ ጨዋታው ግን ይሠራል። ማንበብ አይፈልግም፣ አውሮፕላን ማየት ብቻ ነው። ዋይፋዩ ብቻውን ተመልሶ እንዳልበራ ግን ከአጠገቧ ያለውን ምልክት ያረጋግጡ።

እኛ ልጅን ሱቅ ስንልክ እንዴት ነበር? በ5 ዓመቱ እጁን ይዘን። ትንሽ ሲጠና እኛ በር ላይ ቆመን እያየነው። ሲጎረምስ ደግሞ መሬት ላይ ምራቃችንን ጢቅ አድርገን «ይህ ሳይደርቅ ተመለስ!» ብለን። ማንም ያላስተማረን ጥሩ ዘዴ ነበር። ትንሿ አሁን እጇ የሚያዝበት ዕድሜ ላይ ናት፣ ወንዱ በር ላይ ቆመው የሚያዩት። ምራቅ ሳይደርቅ የሚባልበት ዕድሜ ገና ነው። ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች አንቀበልም ይላሉ፤ ግን የልደት ዓመቱን የሚሞላው ልጁ ራሱ ነውና ያ በር ላይ ዘበኛ የለም። ዘበኛው እርስዎ ነዎት።

ትንሿን በተመለከተ። ያየችው አሻንጉሊት በአጋጣሚ አልመጣም። ለልጅ የሚሆን የሚመስል፣ ቀለሙ የደመቀ፣ ውስጡ ግን ድብድብና ደም የሆነ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ አለ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይከተላል። እኔ አንድ ቀን የእህቴ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። የፊደል መዝሙር ነበር የጀመረችው። ሁለተኛው የእንስሳት ድምፅ። ሦስተኛው መኪና የሚያጥቡ ልጆች። አራተኛው ላይ አንዲት አሻንጉሊት መርፌ ዓይኗ ላይ ትወጋ ነበር። ልጅቱ አንዴም ስክሪኑን አልነካችም፤ ዝም ብላ ነበር የምታየው። እኛ ደግሞ ከወጥ ቤት «ዝም ብላለች፣ ደግ» እንላለን።

ያየችውን እንድትረሳ «ምን አየሽ? ንገሪኝ» እያሉ ደጋግመው አይጠይቋት፤ ሲጠየቅ ይታደሳል። ራሷ ስታነሳው «እሱ ሥዕል ነው፣ ሰው ነው የሠራው፤ እዚህ ቤት ማን አለ? እኔ አለሁ» ይበሉና ወደ ሌላ ነገር ይሂዱ። ሽንት ቤት ለጊዜው አብረዋት ይሂዱ፤ በር ላይ ቆመው እየዘመሩ ይጠብቋት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ራቅ ብለው፣ ከዚያ ከምድጃው አጠገብ ሆነው። እና፣ አይቀየሙኝ፣ እኛም «አያ ጅቦ መጣልሽ!» የምንለውን ለጥቂት ወር እናቆየው። ያሳደጉን በእሱ ነው፣ አውቃለሁ። አሁን ግን ከጅቡም ከአሻንጉሊቱም አንድ ላይ አትችለውም።

«ስንት ሰዓት ትያት ትያለሽ?» ይሉኝ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ትንሿ ገና ከዚያ ዕድሜ መውጣቷ ነውና እኔ በዚያው ላይ ብትቆዩ እላለሁ። ሰዓት መቁጠር አያስፈልግዎትም፤ ቤትዎ ውስጥ የተሻለ ሰዓት አለ። አቦል ሲቀዳ ስልኩ ይከፈት። ቶና ላይ ትቀጥል። በረካ ሲቀዳ ስልኩ ይዘጋ፣ እሷው ትዝጋው። ረከቦቱ አጠገብ፣ ስክሪኑ ወደ እርስዎ ዞሮ። ጀበናውን እየጣሉ ድምፁ ይሰማዎታል፣ ሲቀየር ያውቁታል። ለሳምንት ታለቅሳለች። ከዚያ በረካ ሲባል ራሷ «አለቀ» ትላለች፤ ልጅ የሚጠላው መቼ እንደሚያልቅ ያልታወቀ ነገር ነው። ልጅዎ ትንሽ ሳለች ጎረቤት ቤት ሄዳ አባባ ተስፋዬን ስታይ ትዝ ይልዎታል? ሰዓቱ ሲደርስ ይጀምራል፣ ተረቱ ሲያልቅ ያልቃል፣ ልጁ ሁሉ ተነስቶ ወደ ቤቱ። ዩቲዩብ ማብቂያ ስለሌለው ማብቂያውን እኛ ማበጀት አለብን።

ከተቻለ ደግሞ ከኢንተርኔት ጭራሽ ይገላገሉ። ፒያሳ ካሉት ሙዚቃ ቤቶች አንዱ ጋ ለልጅ የሚሆን ተረትና ካርቱን፣ ጎረቤትዎ ልጅ መርጣ፣ ፍላሽ ወይ ሚሞሪ ላይ ያስጭኑ። ያው አሥር ቪዲዮ ደግማ ደጋግማ ታየዋለች። እኛን ይሰለቸናል እንጂ የ5 ዓመት ልጅ መደጋገም ትወዳለች፣ ቃልም የምትይዘው በእሱ ነው።

ማታ ስልኩ የት ያድራል? ይህን ሳልጠይቅ ባልፍ የደሴን ብርድ አላውቅም ማለት ነው። ጦሳ ጉም ሲለብስ ልጅ ሁሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ስልኩም አብሮ። ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ስልክ ማንም የማያየው ስልክ ነው። ቻርጀሩን የእርስዎ አልጋ ራስጌ ያድርጉት፤ ከኢሞው ጥሪ በኋላ ስልኩ እዚያ ያድራል። መክፈቻውንም ይቀይሩት፤ ልጆቹ የማያውቁት፣ ጣትዎን አስነክተው የሚከፍቱት ይሁን።

የሚከተለውን የጎረቤትዎ ልጅ አንብባ ትሥራው፤ ለእርስዎ አይደለም። ዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ «ሪስትሪክትድ ሞድ» የሚለውን አብሪ፣ ቪዲዮው በራሱ እንዳይከተል «አውቶፕሌይ»ን አጥፊ፣ እስካሁን ያዩትን ታሪክ በሙሉ ሰርዢ፤ ያ አሻንጉሊት ዳግም እንዳይመጣ ይረዳል። ማጣሪያው ወንፊት ነው፣ የሚያመልጠው ብዙ ነው፤ አምነሽው አትተኚ። ፕሌይ ስቶር ውስጥ «ፓረንታል ኮንትሮል»ን በሚስጥር ቁጥር ዝጊው፣ ለልጅ የማይሆን ጨዋታ እንዳይወርድ። ቴሌግራም ላይ ማንም ተነስቶ ግሩፕ ውስጥ እንዳይከታቸው፣ ስልክ ቁጥራቸውም ለማያውቁት ሰው እንዳይታይ አድርጊ፣ ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እንዳይወርድ ዝጊ። ለትንሿ ደግሞ «አፕ ፒኒንግ» የሚባል አለ፤ የተከፈተው አንድ ነገር ላይ ብቻ ትቆያለች፣ ከዚያ በቀላሉ መውጣት አትችልም። ይህን ለእማማ ሦስት ጊዜ አሳዪያቸው፣ አራተኛውን እሳቸው ይሥሩት።

ተከራይዎ መምህርም አንድ ነገር ይርዳ። የዋይፋዩ ሞደም ውስጥ ገብቶ የዲኤንኤስ አድራሻውን 1.1.1.3፣ ሁለተኛውን 1.0.0.3 ያድርገው። ክላውድፍሌር የሚባል ድርጅት በነጻ ያዘጋጀው ነው፤ የብልግና ድረ ገጾችንና ተንኮለኛ ገጾችን ያግዳል፣ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ላይ ይሠራል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ውስጥ ያለውን አያቆምም፣ በሞባይል ዳታ ሲገቡም አይሠራም። አምስት ደቂቃ ግን አይፈጅም። ቡና ጠጣ ብለው ጠርተው ይጠይቁት።

አሁን ጅዳ ላለችው ልጅዎ። ይህን ዓምድ ፎቶ አንስተው ይላኩላት።

እህቴ፣ ሰው ቤት ሠርተሽ፣ በስንት ድካም የላክሽው ስልክ ጦስ ሆኖ ሲመጣ መናደድሽ ይገባኛል። ግን ልጅሽ በሳምንት የሚያገኝሽ ደቂቃ የተቆጠረ ነው። በእነሱ ደቂቃዎች ቁጣ ከገባ ነገ ሰው አስፈራርቶት እንኳ ላንቺ አይነግርሽም፤ እዚያ ሆነሽ ልትረጂው የምትችይው ደግሞ ሲነግርሽ ብቻ ነው። አንቺ ልትሠሪው የምትችይው ሌላ ነገርም አለ። ጉግል «ፋሚሊ ሊንክ» የሚባል ነጻ አፕ አለው። ያንቺ ስልክ ላይ የወላጁ፣ እነሱ ጋ ባለው ስልክ ላይ የልጁ ይከፈታል። ከዚያ አዲስ ጨዋታ ለማውረድ ሲፈልግ ጥያቄው ጅዳ ይመጣልሻል፤ አንቺ ካልፈቀድሽ አይወርድም። ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋም ከዚያ ሆነሽ ትወስኛለሽ። ይህ የሚያምረው ግን ልጁ የራሱ አካውንት ሲኖረው ነው፤ በእማ አካውንት ላይ አይሞከርም፣ ስልኩ የሳቸውም ስለሆነ። አንድ ቀን ለእሱ ብቻ የሚሆን አሮጌ ስልክ ካገኛችሁ በዚህ ጀምሩ። ልጆቹን በላይቭ እያሳየሽ ከጓደኞችሽ ጋር ማስተዋወቁን፣ ፎቷቸውንም ቲክቶክ ላይ መለጠፉን፣ የምታደርጊው ከሆነ፣ አቁሚ። ናፍቆት ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም የለጠፍኩት በኩራት ነበር።

እና ወደ እርስዎ ልመለስ። ስልኩን አይስበሩት፣ አይቀሟቸውም። ጥሪው የሚመጣበት ሰዓት ይታወቅ፤ ከመግሪብ በኋላ ይሁን ከእራት በኋላ፣ እናንተ ወስኑ። በሌላ ሰዓት፣ በማያውቁት ቁጥር፣ ኢሞ ቢጠራ ልጆቹ አያንሱ፣ ይዘውልዎ ይምጡ። ጥሪው ሲመጣ ስልኩን ግድግዳ ላይ ወይ ቡፌው ላይ አስደግፉት፤ ሦስታችሁም አንድ ላይ ትታያላችሁ፣ እሷም እናቷንና ልጆቿን በአንድ መስኮት ታያለች።

አንድ ጊዜ ግን፣ ዛሬ ማታ፣ ስልኩ ሲጠራ ለወንዱ ይስጡትና እሱ ያንሳው። ልጅዎን አስቀድመው ይንገሯት፤ መጀመሪያ የምትለው ቃል ስሙ ይሁን፣ በቤት የምትጠራበት ስሙ።